«ዩኒፎርም ስነ ምግባር ይገነባል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከደንባችን ላይ እናውጣው ወይስ ይቆይ?

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። የዩኒፎርም ደንባችንን እንደገና የሚጽፍ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም አባል ሆኛለሁ። የድሮው ደንብ ሲጀምር «ዩኒፎርም የተማሪውን መልካም ስነ ምግባር ይገነባል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ስነ ምግባር አንድም ቃል የለም። የካልሲ ቀለም፣ የቀሚስ ርዝመት፣ ሹራብ፣ ፀጉር፣ ጫማ። በቃ፣ ያው ነው።

ዩኒፎርም ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጥቅሙን በየቀኑ አየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ምን ልልበስ የሚባል ጭንቀት የለም። የማናውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይለያል። ያለውና የሌለው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ልብሳቸው አያለያያቸውም።

የሚከነክነኝ በር ላይ የሚሆነው ነው። ደወል ሊደወል ሲል ሁለት መምህራን ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ልጆቹ በመሃል ያልፋሉ። የሁሉም ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እግር ነው። ደንቡ «ሙሉ ጥቁር ጫማ» ስለሚል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የጫማውን ነጭ ሶል በጥቁር ማርከር ቀብቶ መጣ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ነጩ ብቅ ብቅ ይላል። መምህሩ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ፈተገው። ጣቱ ጠቆረ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለው። ልጁ መልስ አልነበረውም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በር ላይ ቆሞ አሳለፈው።

እዚያው ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ የሚደርስበት ቅጣት ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

ያ ልጅ ደንቡን ለማክበር የቻለውን ሁሉ አድርጎ ነው የመጣው። ታዲያ ከዚያ ጠዋት ምን ተማረ? የምታስተምሩ፣ የምታሳድጉ፣ የምትማሩም ካላችሁ ሐሳባችሁን ስጡኝ። ረቂቁን ለኮሚቴው የማቀርበው እኔ ነኝ።

የዋናው በር

ሰላም ጠመኔ። እኔ ዩኒት ሊደር ነኝ። በር ላይ ከሚቆሙት አንዱ ስለሆንኩ ከዚያ በኩል ያለውን ልንገርህ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ልጅ ያልፋል። የእያንዳንዱን ታሪክ የምሰማበት ጊዜ የለኝም። ደንቡ ቁርጥ ያለ ሲሆን ለእኔም ለልጁም ይቀለናል። አንዱን «በቃ እለፍ» ካልኩት ከኋላው ያለው ያየኛል። በማግስቱ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይመጣል። አላጋነንኩም፣ የደረሰ ነገር ነው።

ደግሞ ስነ ምግባር በንግግር አይገባም፣ በልምድ እንጂ። በሰዓቱ መገኘት፣ ልብስን አጽድቶ መምጣት፣ ቁልፍን መቆለፍ። ትንሿን ነገር ደስ ባይለውም ማድረግ የለመደ ልጅ ትልቋ አትከብደውም። አርስቶትልም ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራ እየሠራ ነው ብሏል። እኔ በር ላይ የምቆመው ልጆቹን ስለምጠላ አይደለም። ገደብ የሌለው ቤት ውስጥ የሚያድጉ ብዙ ልጆች አሉኝ። ቢያንስ አንድ ቦታ «አይቻልም» የሚላቸው ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር ይቆይ ባይ ነኝ።

እናት ነኝ

ዩኒት ሊደር፣ ድካምዎን አከብራለሁ። ግን ከቤት በኩል ያለውንም ይስሙኝ።

የአስራ ሦስትና የአስራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ያድጋል? ልጄ ቀሚሷ አጠረ ተባለች። ጠርዙን ፈትቼ አወረድኩት። የድሮው እጥፋት ግን መስመር ሆኖ ቀረ። ታጥቦም፣ ተተኩሶም አልጠፋም። በዚያ መስመር ምክንያት ልጄ ቦርሳዋን ከፊት ለፊት ይዛ ነበር የምትሄደው። ቀሚሷ በደንቡ መሠረት ልክ ነው። እሷ ግን ሰው ሁሉ መስመሩን የሚያይ ይመስላታል።

ደንቡ ደግሞ ሹራቡ፣ ሸሚዙ፣ ጃኬቱ፣ የስፖርት ቱታው ሁሉም የትምህርት ቤቱ አርማ ይኑርበት ይላል። አርማ ያለበት የሚገኘው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። አርማ ከሌለበት ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሸሚዝ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምን ያህል እንደሚራራቅ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒፎርም ድሃና ሀብታምን ያስተካክላል የምትሉ፣ ይህችን ነገር ሳታስተካክሉ አትበሉ።

ማስታወሻ ደብተር

እናት ነኝ ያሉት እህታችን ያነሱት ነገር ሌላ ቦታ ሕግ እስከ ማስወጣት ደርሷል። እንግሊዝ በ2021 ስለ ዩኒፎርም ወጪ ለብቻው ሕግ አውጥታለች። ትምህርት ቤቶች ለቤተሰብ አቅም ቅድሚያ እንዲሰጡ፣ አርማ ያለባቸውን ልብሶችም በጣም እንዲቀንሱ የሚል መመሪያ ወጥቷል። አንድ አርማ ያለበት ሹራብ፣ ሌላው ከየትም የሚገዛ ቢሆን ምን ይጎድላል? (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አሁን ወደ ጠመኔ ጥያቄ። ዩኒፎርም በእርግጥ ጠባይ ያሻሽላል? የታሪክ መምህር ነኝና ወደኋላ ልሂድ።

የዩኒፎርም ታሪክ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በ1552 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ነው። ለድሃና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች የተከፈተ ነበር። ረጅም ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ካልሲ ያለብሷቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ ነገሩ ተገልብጦ ዩኒፎርም የሀብታም ትምህርት ቤቶች መኩሪያ ሆነ። ልብሱ በራሱ ትርጉም የለውም ማለት ነው። ትርጉም የሚሰጠው የሚያለብሰው ሰው ነው።

ስለ ጠባይ በተመለከተ፣ በ1994 በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች ከተማ ትምህርት ቤቶች ከታችኛው ክፍል እስከ ስምንተኛ ዩኒፎርም ግዴታ አደረጉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድብድብና ሌላውም ጥፋት በጣም ቀነሰ ተብሎ ወሬው አገሩን አዳረሰ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 ለሕዝብ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር ላይ ሳይቀር ዩኒፎርምን ደገፉ። ችግሩ የሎንግ ቢች ትምህርት ቤቶች በዚያው ጊዜ ሌላም ብዙ ለውጥ ማድረጋቸው ነው። የትኛው መድኃኒት እንዳዳነ አይታወቅም።

በ1998 ዴቪድ ብሩንስማና ኬሪ አን ሮክሞር የተባሉ ተመራማሪዎች የአስረኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰፊ አገር አቀፍ መረጃ ይዘው አጠኑት። ዩኒፎርም በቀሪ ተማሪ ቁጥር ላይም፣ በጠባይ ችግር ላይም፣ በአደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀም ላይም ቀጥተኛ ለውጥ አምጥቶ አላገኙትም።

ደቡብ ኮሪያም አለችላችሁ። በ1983 ዩኒፎርምን አስቀርታ ልጆቹ እንደፈለጉ እንዲለብሱ ፈቀደች። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1986፣ ውሳኔውን ለትምህርት ቤቶቹ ተወች። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ወደ ዩኒፎርም ተመለሱ። ወላጆች ስለ ልብስ ወጪና ስለ ፉክክር ማማረራቸው አንዱ ምክንያት ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ዩኒፎርም ለወጪና ለፉክክር መልስ ሊሆን እንደሚችል ነው። ለስነ ምግባር ግን መልስ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አላየሁም።

የኋላ ወንበር

መምህራኖች፣ እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። መጻፍ ይቻላል ስላላችሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ዩኒፎርምን አንጠላም። ብርድ ሲሆን ሹራብ መከልከሉ ያናድዳል እንጂ ዩኒፎርሙ ራሱ ችግር የለውም። የሚያናድደን ሰው ሲመረጥ ነው። ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣው ልጅ ጥቁር ጃኬት ደርቦ ሲገባ «ደህና አደርክ» ይባላል። ከኋላው ያለው ያንኑ ጃኬት ለብሶ ሲመጣ «አውልቅ» ይባላል። ሁላችንም አይተናል። ማንም ምንም አላለም።

ሌላው ደግሞ በሰው ፊት መሰደብ ነው። ዩኒት ሊደሮች ሁሉም አይደሉም፤ የኛዋ ጎን ጠርታ ነው የምትናገረው። እሷ ስትናገር እንሰማታለን። ሌላው ግን ሰልፍ ላይ በማይክ ስም ይጠራል።

ስለ ኩረጃ መምህር ጠመኔ ያነሱት ትክክል ነው። ፈተና ላይ ተፈታኙ ሲኮርጅ ፈታኙ ስልኩን ያያል። ከዚያ ስለ ስነ ምግባር ሲነገረን ምን እንደምናስብ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሰማያዊ ሹራብ

እኔ ትምህርት ከጨረስኩ ቆየሁ። በሌላ በኩል ያለውንም ልበል። ዩኒፎርሜን እወደው ነበር። መንገድ ላይ ታላላቆቻችን ያንን ቀለም ሲያዩ «የኛ ልጅ» ብለው መንገድ ያሻግሩን ነበር። እኔም ለብሼው ሰው ፊት መጥፎ ነገር ለማድረግ እፈራ ነበር፤ የጓደኞቼን ስም የማጠፋ ይመስለኝ ነበር። ይሄም ስነ ምግባር ነው። ጥናቱ የሚለውን አልክድም፤ ይሄን ግን አትርሱት።

ጆሮ ሰጪ

የትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሡኝ።

ከ1970ዎቹ (እኔም የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ኤልየት ቱሪየልና ላሪ ኑቺ የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች ልጆችን ቀላል ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። «መምህሩ ቢፈቅድ ልጅ መማታት ይቻላል?» ሲባሉ ትንንሾቹ ሳይቀሩ «አይቻልም፣ ያመዋል» ይላሉ። «መምህሩ ቢፈቅድ ከተለመደው ልብስ ሌላ መልበስ ይቻላል?» ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብላቸው «ከፈቀደ ይቻላል» ይላሉ። ልጆች ገና በለጋነታቸው ሁለቱን ይለያሉ። አንዱ ሰው ስለሚጎዳ ጥፋት ነው። ሌላው ስለተስማማንበት ብቻ የምናከብረው ሥርዓት ነው። ጁዲት ስሜታና ደግሞ ታዳጊዎች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል አለባበስንና ፀጉርን «የግሌ ጉዳይ» ወደሚሉት ወገን እየወሰዱ እንደሚሄዱ አሳይታለች። ከወላጅ ጋር የሚጣሉበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ የጠመኔን በር በዚህ ዓይን እዩት። ካልሲና ኩረጃ አንድ ዓይነት ቅጣት ሲቀጡ ልጁ ካልሲ ከባድ ነገር ነው ብሎ አይደመድምም። ኩረጃም እንደ ካልሲ የእነሱ ሥርዓት ነው፣ ካልተያዝኩ ምንም አይደለም ብሎ ነው የሚያስበው። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ለስነ ምግባር ብለን የጻፍነው ደንብ ልጁ በደንብ የሚያውቀውን ልዩነት ያደበዝዝበታል።

የዋናው በር፣ አርስቶትልን ያነሳኸው ደስ ብሎኛል። ግን ፍትሐዊ የሚያደርገው ፍትሐዊ ሥራ ነው አልክ። ጥቁር ካልሲ ማድረግ ፍትሐዊ ሥራ አይደለም። ሥርዓት ማክበር ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ፍትሕን እንዲለማመድ ከፈለግን ፍትሕ የሚሠራበት ቦታ እንስጠው። ያ ቦታ ደግሞ ራሱ የዩኒፎርም ደንቡ ሊሆን ይችላል።

አንድ ልማድ ደግሞ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ በ1920ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ልጆቹ ማንም አያየኝም ብለው የሚያታልሉበትን ዕድል ሰጥተው ነው። ከ1928 ጀምሮ ያሳተሙት ውጤት ብዙ ሰው አስደንግጧል። በአንድ ፈተና ሐቀኛ የሆነ ልጅ በሌላው ሁልጊዜ ሐቀኛ አይሆንም ነበር። ከልጁ ጠባይ በላይ ሁኔታው፣ የክፍሉ ድባብና ከመምህሩ ጋር ያለው ግንኙነት ለውጥ ያመጣ ነበር። ስለዚህ ሸሚዙን የከተተ ልጅ ከዚያ ተነስቶ ሐቀኛ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ኩረጃን መቀነስ የፈለገ ፈተና በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ መሥራት አለበት።

የኋላ ወንበር፣ ልጄ፣ አንተ የጻፍከውን ቶም ታይለር የተባለ ተመራማሪ በአዋቂዎች ላይ ደጋግሞ አግኝቶታል። ሰው ሕግን የሚያከብረው ቅጣትን ስለሚፈራ ብቻ አይደለም። ሲናገር ከተሰማ፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ከሠራ፣ በአክብሮት ከተያዘ፣ ቢፈረድበትም ይቀበላል። ጎን ጠርታ የምትናገረዋ ዩኒት ሊደር እንዲሰሟት ያደረገው ይኸው ነው።

የሰማያዊ ሹራብንም ሐሳብ እቀበላለሁ። ኩራቱ እውነት ነው። ግን ኩራት የሚመጣው «የኛ ልጅ» ከሚል ሰው ነው። በር ላይ የሚፈተግ ጫማ ያንን አይሰጥም።

የዋናው በር

ጆሮ ሰጪ፣ በደንብ አነበብኩት። የምስማማበትም የማልስማማበትም አለ።

ኩረጃና ካልሲ አንድ ቅጣት መሆኑ ልክ አይደለም፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሰልፍ ላይ ስም በማይክ መጥራትም ነውር ነው። የኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚያነብ ከሆነ ነገውኑ ይቁም።

ግን «የተስማማንበት ሥርዓት» ስትሉ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ሰው አብሮ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ በእንደዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው። ወረፋ መጠበቅም ሥርዓት ነው። ማንንም ስለማይጎዳ ብዬ ነገ ሁሉን ብለቅ፣ ልጁ ሥራ ቦታ ሲገባ የሥራ ልብስ ልበስ ሲባል ምን ሊል ነው? ልጆቹ የማይወዱትን ሥርዓት ተቀብለው መኖር መልመድ አለባቸው። ይሄን ካላስተማርናቸው እንጎዳቸዋለን። ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ ካላችሁ ይውጣ፣ ደንቡ ግን አይላላ።

ማስታወሻ ደብተር

አይላላ የሚለው ጥሩ። ግን የማያስፈልገው ይውጣ። ጃፓን ውስጥ ፀጉርን በግድ ጥቁር የሚያስቀቡ፣ የውስጥ ልብስ ቀለም ሳይቀር የሚወስኑ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ብዙ ክርክር ተነሥቶ የቶኪዮ መስተዳድር በ2022 ከሚያስተዳድራቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉትን ደንቦች አስወጣ። ዩኒፎርሙ ግን እንዳለ ነው።

አሜሪካ ደግሞ በ1965 የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 ተማሪዎቹ ረቱ። ከመካከላቸው አንዷ ጨርቁን ስታስር የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ይሄን የማነሳው ዩኒፎርምን ለመንቀፍ አይደለም። አንዳንዴ ጥሩ ስነ ምግባር ያለው ልጅ ደንብ ፊት ቆሞ «ለምን?» የሚለው ሊሆን ስለሚችል ነው። ደንባችን ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ መጠየቂያ በር ይኑረው።

ጠመኔ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን ረቂቁ ላይ ያሰፈርኩትን ልንገራችሁና ቀዳዳውን አሳዩኝ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አውጥቼዋለሁ። በምትኩ ዩኒፎርም የምንለብስበትን እውነተኛ ምክንያት ጻፍኩ፦ ለደኅንነት፣ ወጪ ለመቀነስና የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መሆናችንን ለማሳየት። ወጪ ለመቀነስ ብለን ከጻፍን ደግሞ አርማው ሹራቡ ላይ ብቻ ይሁን፣ ሌላው ቀለሙ ከተስማማ ከየትም ይገዛ ብያለሁ። የጫማ ሶል የሚለው ወጥቷል። በብርድ ጊዜ ጃኬት መደረብ ይፈቀዳል፤ ለአንደኛውም ለመጨረሻውም።

ትልቁ ለውጥ ቅጣቱ ላይ ነው። የልብስ ጉዳይ በምንም ምክንያት ከክፍል አያስቀርም። ይጻፋል፣ ከደጋገመ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ልብሱ የጎደለው ልጅ በር ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ በዝግ ይጠየቃል። ከትርፍ ልብስ ማስቀመጫው የሚበቃው ካለ ይሰጠዋል። ኩረጃ፣ ድብድብ፣ ሰው ማዋረድ ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ሄደዋል። እዚያ ላይ ጥፋተኛው የበደለውን ሰው ፊት ለፊት እንዲያገኝና ያበላሸውን እንዲያስተካክል የሚል አስገብቻለሁ። መምህራንም ፈተና ላይ ስልክ አይዙም።

ደንቡ በየዓመቱ ሲታይ ከየክፍሉ የተመረጡ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ ድምፅ ይኖራቸዋል። ይሄኛው ላይ ኮሚቴው እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ። ግን በራሳቸው ደንብ ላይ ተከራክረው፣ ተሸንፈውም ቢሆን ውሳኔውን አክብረው ካልወጡ የዋናው በር ያለውን ሥርዓት መቀበል የት ይለምዱታል? ማስታወሻ ደብተር ያነሳው የክራይስትስ ሆስፒታል ልጆችም በኛ ዘመን ስለዚያ ጥንታዊ ካፖርት ተጠይቀው በብዛት ይቀጥል ብለዋል። ልጅ ሲጠየቅ ሁልጊዜ አፍርሱት አይልም።

እናት ነኝ

ትርፍ ልብስ ማስቀመጫውን በተመለከተ፦ ስም ሳይጻፍ ይሁን። ማን ወሰደ የሚል መዝገብ ካለ ልጆቹ አይወስዱም። የኔዋም አትወስድም። ልብስ የጠበባቸው ሁሉ የሚያስገቡበት፣ የሚበቃቸው ሁሉ የሚወስዱበት ቢሆን ግን እኔ ራሴ መጥቼ ጠርዝ እተኩሳለሁ።

የኋላ ወንበር

መምህር ጠመኔ፣ ከየክፍሉ የሚመረጡት ሁልጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። እነሱን ደግሞ በር ላይ ማንም አይነካቸውም። ከተቻለ አንዱ ደጋግሞ የተመለሰ ልጅ ይሁን። ችግሩን የሚያውቀው እሱ ነው።

ጠመኔ

ይሄ አልታየኝም ነበር። ገብቷል። ምርጫው በእጣ ቢሆን ይሻላል፤ ከየክፍሉ አንድ በምርጫ፣ አንድ በእጣ ብዬ አስተካክለዋለሁ።

የዋናው በር

ጠመኔ፣ ከክፍል አያስቀርም የሚለው ላይ አንድ ነገር ጨምር። የሚመዘግበው ሰው በር ላይ ብቻውን ከሆነ አይችልም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ልጆቹን ሰላም የሚል፣ አንዱ የሚጽፍ። ይሄ ካልተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል። በእጣ የሚለውን አልወደድኩትም፣ ኮሚቴው ፊት እንከራከርበታለን። ሰላም የሚለው ሰው ቦታ ላይ ግን እኔን ጻፈኝ።